ለሦስት ቀን ወጥተን በአምስተኛው ቀን ገባን

ጓደኛዬ "እዚያው እናየዋለን" የሚል አባባል አለው። የልጁን ክርስትና በዚህ አባባል ደግሷል፤ ቤት የቀየረውም፣ መኪና የገዛውም በዚሁ ነው፤ አንድም ቀን አላሳፈረውም። እኔ የሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ኑሮዬ ሁሉ በመዝገብና በሰዓት የተቀፈደደ ስለሆነ፣ "በብስክሌት ወጥተን፣ ድንኳን ተክለን እያደርን፣ ለእንቁጣጣሽ ቤታችን እንገባለን" ሲለኝ ዝርዝሩን አልጠየቅሁም። ይህን የምጽፈው እናንተ እንድትጠይቁ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ጆርጅታውን ስንወርድ ያን ሲ ኤንድ ኦ (C&O) የሚባለውን ጠባብ የውሃ ቦይ ሳናየው አንቀርም። ከጎኑ ያለው የአፈር መንገድ የት እንደሚያደርስ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የፖቶማክን ወንዝ ይዞ ሜሪላንድ ውስጥ እስካለችው ከምበርላንድ ከተማ፣ 184.5 ማይል ይሄዳል፤ ወደ 297 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ቦዩ መቆፈር የጀመረው በ1828 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን ከምበርላንድ የደረሰው በ1850 ነው። ከተራራው የድንጋይ ከሰል የጫኑ ጀልባዎች ይወርዱበት ነበር፤ ጀልባዎቹን ደግሞ በቅሎዎች በገመድ ይጎትቱ ነበር። እኛ የሄድንበት መንገድ ያ የበቅሎዎቹ መንገድ ነው። ለበቅሎ የተሠራ ስለሆነ ዳገት የለውም ማለት ይቻላል፤ እንዲያውም ከከምበርላንድ ወደ ዋሽንግተን ሲመጡ ቀስ እያለ ይወርዳል። በየመንገዱ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የተዘጋጁ ሠላሳ ያህል የድንኳን ቦታዎች አሉ። ክፍያ የላቸውም፣ ቀጠሮ አያስፈልጋቸውም፤ ጠረጴዛ፣ የእሳት ቦታ፣ መጸዳጃና በእጅ የሚነቀነቅ የውሃ ፓምፕ አላቸው። ይህን ስሰማ እኔም "እዚያው እናየዋለን" ማለት ጀመርኩ።

ስሌታችን እንዲህ ነበር፤ 184 ለሦስት ሲካፈል በቀን ስልሳ አንድ ማይል። ጓደኛዬ በወጣትነቱ ከአዲስ አበባ ደብረ ዘይት ደርሶ መልስ ይሄድ እንደነበር ነገረኝ። እሱ ያኔ ሃያ ዓመቱ ነበር፤ ብስክሌቱም ድንኳን፣ ብርድ ልብስና አምስት ኪሎ በሶ አልተጫነባትም ነበር። ይህን አላነሳንም።

ከዋሽንግተን ወደ ከምበርላንድ በባቡር ሄድን። ባቡሩ የሚጭነው የብስክሌት ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ከራስ ትኬት ጋር የብስክሌቱን ቦታም አስቀድሞ መያዝ ግድ ነው። በጉዟችን ሁሉ አስቀድመን በትክክል ያደረግነው ነገር ይህ ብቻ ነው። ባቡሩ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አካባቢ ተነስቶ ሲያደርሰን መሽቷል። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ይዞ ባቡር መሳፈር ስለማይፈቀድ "እዚያው እንገዛለን" ብለን ምድጃዋን ብቻ ይዘን ነበር። ስንደርስ ሱቁ ተዘግቷል። ማደሪያ አልያዝንም። ቅርቡ የድንኳን ቦታ አራት ማይል ይርቃል፤ በጨለማ፣ በስልክ መብራት ሄድን።

ዕለቱ ጳጉሜን 3 ነበር፣ ሩፋኤል። አገር ቤት በዚያ ቀን የሚዘንበውን ዝናብ ልጆች ሆነን በደስታ እንደምንጠመቅበት ታውቃላችሁ። ሩፋኤል ሜሪላንድንም አልረሳትም። ገና ብስክሌቶቹን ሳናቆም መጣል ጀመረ። ጓደኛዬ ስልኩን በጥርሱ ነክሶ እያበራ የተዋስናትን ድንኳን ከከረጢቷ አወጣ። ሸራው አለ። ዘንጎቹ አሉ። የዝናብ ልባሱ አለ። ካስማ የለም። ከረጢቱን ገልብጦ አራገፈው፤ መልሶ ገለበጠው፤ እጁን አስገብቶ ስፌቱን ዳሰሰው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያራግፈው አንዲት የደረቀች የብርቱካን ልጣጭ ወደቀች። ልጣጯን አንስቶ ለረጅም ጊዜ አያት።

ልባሱን በአንድ በኩል ከጠረጴዛው እግር፣ በሌላው በኩል ከብስክሌቶቹ ጋር አሰርነው። እኩለ ሌሊት ላይ ነፋስ መጣና የእኔ ብስክሌት ከነጭነቷ ላያችን ላይ ወደቀች። ወዲያው ደግሞ ከዛፎቹ ጀርባ የጭነት ባቡር ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ። እንዲህ ያለው ባቡር በዚያ መስመር ሌሊቱን ሙሉ ይመላለሳል፤ ስለዚህ የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ጓደኛዬ በጨለማው ውስጥ "ጠበል ነው፤ ተኛ" አለኝ።

የተዋሳችሁትን ድንኳን፣ የገዛችሁትንም ቢሆን፣ ከመሄዳችሁ በፊት በቀን ብርሃን ጓሮ ውስጥ አንድ ጊዜ ትከሉት። ጓሮ ከሌላችሁ ሳሎን ውስጥ ትከሉት። ግማሽ ሰዓት ነው የሚወስደው። መብራትም ከስልክ የተለየ ይሁን። ይህ ሁለተኛው ምክር እንዴት ዋጋ እንዳስከፈለኝ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

ጠዋት መንገዱ ጭቃ ሆኖ ጠበቀን። ከባዱ የቦዩ መንገድ የላይኛው ክፍል ነው፤ ዝናብ ሲመታው እንደ ሊጥ ይይዛል። ጓደኛዬ ልብሴ እንዳይቆሽሽ ብሎ በጎማዎቹ ላይ ፓራፋንጎ አስገጥሞ ነበር። ጭቃው በፓራፋንጎውና በጎማው መካከል እየተጠቀጠቀ ጎማውን አላዞር አለው፤ በየመቶ ሜትሩ እየወረደ በእንጨት ይፍቅ ጀመር። በመጨረሻ አውልቆ ከጭነቱ ላይ አሰረው። የእኔ ችግር ደግሞ ቀጭን የአስፋልት ጎማ መያዜ ነበር። በጭቃ ላይ ይንሸራተታል፤ ሹል ነገር ሲያገኘው ደግሞ ይፈነዳል። አራት ሰዓት ላይ ፈነዳ። መለዋወጫ ካላማዳሪያ ይዘን ነበር፤ ግን የአየር ማስገቢያዋ አፍ ቀጭን ነው፣ የያዝነው መንፊያ የሚገጥመው ለወፍራሙ። ሁለታችንም አንድ ላይ አይተናቸው አናውቅም ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፉ ብስክሌተኛ ሴትዮ ከወዲያ መጥተው፣ ሳንጠይቃቸው ቆመው፣ መለጠፊያና ሙጫ ሰጡን። ሴትዮዋ ብቻቸውን ነበር የሚጓዙት፤ ጭነታቸውም የእኛን ግማሽ አይሆንም። ሰፋ ያለ፣ ጥርስ ያለው ጎማ አድርጉ። ካላማዳሪያውንና መንፊያውን ደግሞ ቤት ውስጥ አገጣጥማችሁ አንድ ጊዜ ንፉበት።

ስልካችን ላይ ክፍት ነው የሚል አንድ ምግብ ቤት በመንገዱ ነበር። በሩ ላይ የተንጠለጠለው ቁልፍ ዝጓል። በሶ በጥብጠን ጠጣን። እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው፣ በዚያ ሁሉ ስህተት መካከል ያቆመን በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነው። እሳት አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ አይከብድም። ለእንዲህ ያለ ጉዞ ተብሎ በሱቅ የሚሸጠውን በፕላስቲክ የታሸገ ውድ ምግብ አይቼዋለሁ፤ አያቶቻችን ለዘመቻ የያዙት ስንቅ ይበልጠዋል።

ፓው ፓው የሚባለው ዋሻ ስንደርስ ሊመሽ ነበር። ከከምበርላንድ ያለው ሃያ ዘጠኝ ማይል ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፈጀብን። ዋሻው 950 ሜትር ርዝመት አለው፤ በ1836 ተጀምሮ አሥራ አራት ዓመት ፈጅቷል፤ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጡብ ገብቶበታል። በውስጡ ብስክሌቱን እየገፉ በእግር መሄድ ነው የሚሻለው፤ ጠባብ ነው፣ መሬቱ ጎርበጥባጣ ነው፣ ውሃ ያቋጥራል፣ ከመሃሉ ሲደርሱ ሁለቱም አፎቹ የጥፍር ያህል ያንሳሉ። በቦዩ ዘመን ሁለት የጀልባ አለቆች እዚያ ውስጥ ፊት ለፊት ተገናኝተው አንዳቸውም አልመለስም ብለው ለቀናት ተፋጠው እንደቆሙ ይተረካል። በመጨረሻ በዋሻው አፍ ላይ እሳት አንድደው በጭስ አስወጧቸው ይባላል። ጓደኛዬ ይህን ስነግረው በዋሻው ውስጥ ድምፁ እያስተጋባ ሳቀ።

ከዋሻው ወጥተን አንድ ማይል ያህል እንደሄድን ያለው የድንኳን ቦታ ላይ ፓምፑን ልንነቀንቅ ሄድን። እጀታው የለም። ውሃው ሲመረመር ንጹሕ ሆኖ ካልተገኘ እጀታውን እንደሚያወልቁት በኋላ ነው ያወቅነው። ከዋሻው በፊት በድልድይ ተሻግሮ ትንሽ ከተማ ነበረች፤ "ፊት ለፊት ፓምፕ አለ" ብለን አልፈናት ነበር። በሁለታችን መካከል የቀረው ውሃ ግማሽ ጠርሙስ አይሞላም። ወንዙ ሲፈስ ይሰማናል፤ ግን ሳይፈላ ወይም ሳይጣራ አይጠጣም፣ ጋዝ የለንም፣ እንጨቱ ሁሉ ረጥቧል። ደረቅ በሶ እያየን ተኛን። የዚያን ሌሊት ጥማት እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ። ከሁሉ ምክሬ አንዱን ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፤ ውሃ ባገኛችሁበት ቦታ ሁሉ፣ ጠርሙሳችሁ ሩብ ብቻ ቢጎድልም እንኳ፣ ሙሉት። ትንሽ ማጣሪያም ግዙ። በክረምት ደግሞ፣ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ድረስ፣ ፓምፖቹ ይዘጋሉ።

በማግስቱ አምስት ማይል ያህል ሄደን ደህና ፓምፕ አገኘን። ውሃው የአዮዲን ጣዕም አለው፤ ሁለት ሁለት ሊትር ጠጣንበት። መንገዱም እየደረቀ ሄደ። ጓደኛዬ ከእኔ ይፈጥናል፤ እየቀደመ፣ እየቆመ፣ እየጠበቀኝ ነበር የምንሄደው። የምንጠባበቅበትን ቦታ ግን ተነጋግረን አናውቅም። ከሃንኮክ በፊት አሥራ ሁለት ማይል ያህል ሲቀር ከቦዩ መንገድ ጎን ሌላ መንገድ አለ፤ የድሮ የባቡር ሐዲድ ላይ የተነጠፈ አስፋልት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ አንዳንዴ በዛፍ ተጋርደው፣ ብዙ ማይል ይሄዳሉ። ጓደኛዬ አስፋልት አየና ወጣበት። እኔ ከብስክሌቴ መሪ ላይ ዓይኔን ሳላነሳ በአፈሩ ቀጠልኩ።

ሃንኮክ ላይ የሜሪላንድ ግዛት ስፋት ከሁለት ማይል ያንሳል፤ በአንድ በኩል ወንዙ፣ በሌላው ፔንሲልቬንያ። በዚያች ከክርም በጠበበች ምድር ላይ ለአምስት ሰዓት ተጠፋፋን። እሱ ከተማዋ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል፤ እኔ ከታች በዛፎቹ ሥር አልፌው ሄጃለሁ። ስልኬ ሞቷል፤ ሁለት ሌሊት ፋኖስ ሆኖ ሲያገለግል ባትሪው አልቋል። ምግቡና ገንዘቡ ከእሱ ጋር ነው፤ ድንኳኗ ከእኔ ጋር። ቀድሞኛል ብዬ ስለገመትኩ ልደርስበት እየፈጠንኩ ይበልጥ ራቅሁት። እሱ ደግሞ ወደኋላ ቀርቷል ብሎ ስድስት ማይል ተመልሶ በየውሃው ዳር ሲፈልገኝ ነበር።

ጠዋት በጨዋታ መካከል "ሊትል ፑል ላይ እንደር ይሆናል" ብሎ ነበር። እሱን ይዤ እዚያ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ መጣ። ከብስክሌቱ ወርዶ ምንም ሳይናገር ከሃንኮክ የገዛውን ዳቦ ሰጠኝ። ዳቦውን ስጨርስ ጮኸብኝ። እኔም ጮህኩ። ከዚያ ድንኳኗን ስንተክል፣ ሲመሽ፣ ስንተኛ አንድ ቃል አልተነጋገርንም፤ እንደ ሁለቱ የጀልባ አለቆች። እሱ ቦዩ ውስጥ ወድቄ የሰጠምኩ መስሎት ለሚስቱ ደውሎ እንደነበር የነገረኝ በማግስቱ ነው።

አብራችሁ የምትሄዱ ሁሉ፣ የቅርብ ወዳጆች ብትሆኑም፣ ይልቁንም የቅርብ ወዳጆች ስትሆኑ፣ ሁለት ነገር ተስማሙ። መንገድ በሚለያይበት ቦታ ሁሉ የቀደመው ይቆማል። ከተጠፋፋችሁ ደግሞ ሁለታችሁም መጨረሻ ወደተያያችሁበት ቦታ ትመለሳላችሁ፤ መገመት የለም። እያንዳንዱም የራሱን ውሃ፣ መብራት፣ ጥቂት ምግብና ጥሬ ገንዘብ በራሱ ብስክሌት ይያዝ።

እንቁጣጣሽ በዚያ በሊትል ፑል ነጋልን። ከድንኳኑ ስወጣ ጓደኛዬ በውሃው ዳር ቁጢጥ ብሎ የሆነ ነገር ያያል። አደይ የምትመስል ቢጫ አበባ፣ ጤዛ እንዳረፈባት። እርግጥ የእኛዋ አደይ አይደለችም፤ ቅጠሏ ይለያል፣ ቁመቷም ረዘም ይላል። እዚያ አበባ መቁረጥ ክልክል ስለሆነ ፎቶ አነሳና "እንኳን አደረሰህ" አለኝ። እኔም "እንኳን አብሮ አደረሰን" አልኩት።

ዊሊያምስፖርት ስንደርስ ፎቶውን ለልጁ ላከ፤ ወዲያው ሚስቱ ደወለች። "ዶሮው ተሠርቷል፤ የት ደረሳችሁ?" አለች። ገና ዘጠና ዘጠኝ ማይል ይቀረናል። "መኪና ይዤ ልምጣ?" ስትለው ስልኩን በእጁ ሸፍኖ አየኝ። እውነቱን ለመናገር አዎ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ቂጤ ቆስሏል፣ ጉልበቴ አብጧል። ግን ፀሐይ ወጥቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ከታች ያለው ክፍል ደግሞ ከሁሉ ያማረ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። "ወረቀት አለህ?" አልኩት።

ከአንድ ሱቅ እስክሪብቶ ተውሰን በዳቦው ከረጢት ጀርባ ላይ ጻፍን። ለዛሬ ሃያ አራት ማይል፣ ለነገ አርባ አምስት፣ ለሦስተኛው ቀን ሠላሳ። የት እናድራለን፣ ውሃ የት አለ፣ ምግብ የት ይገዛል፣ ቢያቅተን መኪና የሚገባበት ቅርቡ ቦታ የት ነው። አራት መስመር ናት። ጓደኛዬ እየሳቀ "ይህቺ ናት እንዴ ዕቅድ የምትሏት?" አለ። ሥራ ቦታ ደውለን ሁለት ሁለት ቀን ለመንን፤ አለቃዬ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ በኋላ የት መቆም፣ የት መዋኘት፣ ከማን ጋር ማውራት እንዳለብን ማንም አልወሰነልንም፤ ልባችን ባለበት ቆምን። ከወንዙ ላይ ከገደሉ ሥር የተሠራውን የኮንክሪት መንገድ ስናልፍ ጓደኛዬ ጮክ ብሎ ይዘፍን ነበር። ያን ሌሊት ያደርነው ኪሊያንስበርግ በሚባል ዋሻ አጠገብ ነው፤ በ1862 መስከረም፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በአንቲየተም ውጊያ ጊዜ፣ የሻርፕስበርግ ሰዎች ከመድፍ የተሸሸጉበት። ከዊሊያምስፖርት ጋዝ ገዝተን ስለነበር ቡና አፈላን። ጀበና አልነበረንም፤ በድስት ነው፤ አተላው ጥርስ ውስጥ ይገባል። የበዓል ቡና ነው ብለን እስከ ሦስተኛው ጠጣን።

የቀሩት ሁለት ቀናት ደህና ነበሩ፤ ስለ ደህና ቀን ብዙ የሚጻፍ የለም። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። መዥገር አለ፤ ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ማታ ማታ ብብታችሁን፣ ከጉልበታችሁ ጀርባና ከጆሮአችሁ ጀርባ እየተያያችሁ ፈትሹ፤ ካገኛችሁ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ሌላው፣ ሦስት ሦስት ቅጠል ያላትን መርዘኛ ሐረግ እወቁ። ጓደኛዬ ለማገዶ ብሎ ከግንድ ላይ የደረቀ ሐረግ ላጠ፤ ደረቅም ሆኖ መርዙ አይጠፋም። በሁለተኛው ቀን ክንዱ እስከ ክርኑ ውሃ ቋጠረ። እሳት ውስጥ ሳይጨምረው አንድ መንገደኛ "ተው!" ብሎ ስለጮኸበት እንጂ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።

ጆርጅታውን ስንገባ ዜሮ የተጻፈበትን የመጨረሻ ምልክት ፈለግን። ከጀልባ ቤቱ ጀርባ፣ ሮክ ክሪክ ከፖቶማክ የሚገናኝበት ጥግ ላይ ስለተወሸቀ ሁለት ጊዜ አልፈነው ሄድን። የጓደኛዬ ሚስት ከመኪናው ወርዳ፣ ሁለታችንንም ከእግር እስከ ራስ አይታ፣ መቀመጫው ላይ ያረጀ አንሶላ አነጠፈች።

በሳምንቱ ድንኳኗን አጥቤ፣ አድርቄ፣ አሥራ ሁለት አዲስ ካስማ ገዝቼላት ለባለቤቷ ልመልስ ሄድኩ። ካስማዎቹን አየና "ይህ ለምን አስፈለገ?" አለኝ፤ ከዚያ ጋራዡን ከፍቶ ከመደርደሪያው ላይ አንዲት ትንሽ ቦርሳ አወረደ። "የድሮዎቹ እኮ እዚህ አሉ፤ ስትወስዱ ሳትጠይቁኝ!"